ንብ ተብሎ ስለከረመው ጉንዳን

ለቀበሌያችን የመንግሥት ቤቶች አስተዳደር ኃላፊ
ለክብርት ወ/ሮ በዛወርቅ
ቦንጋ

ቀን፦ ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ጎረቤታችን ወ/ሮ አበዛሽ ባላመጡት ነፍሳት ምክንያት ከቤታቸው እንዳይወጡ፣ የጋራ ግድግዳችንም በሚያውቅ ሰው ተከፍቶ እንዲታይ ስለማመልከት

እኔ አመልካች፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ የጋሽ ግዛቸው የልጅ ልጅ፣ ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባቴ በፊት፣ ማንም ሳያስገድደኝና በሙሉ አእምሮዬ ሆኜ የሚከተለውን አረጋግጣለሁ። ከአያቴ የማር ቅል ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ማር ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አውጥቻለሁ። ማሩን አልበላሁትም። በልቼው ቢሆን ኖሮ፣ ክብርት ሆይ፣ ይህን ማመልከቻ ማንበብ ባላስፈለገዎት ነበር። ግድግዳ ላይ ቀባሁት።

ነገሩ ለአንድ መሥሪያ ቤት የማይመጥን ሊመስልዎት ይችላል። ነገር ግን በዚያ ማር ምክንያት የሠፈራችን ሽማግሌዎች ጉባኤ ተቀምጠዋል፣ ወስነዋል፣ የወሰኑትን ትተው ሌላ ወስነዋል። አሁን ደግሞ ምንም ያላጠፉ አንዲት ሴት ከቤታቸው ይውጡ የሚል የሽማግሌዎች ወረቀት እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ደርሷል። ከነገ ወዲያ ዓርብ ውሳኔ እንደሚሰጡበት ሰምቻለሁ። ስለዚህ ከዓርብ በፊት እንዲህ ሆነ ለማለት ተገድጃለሁ።

1. የምንኖረው ከገበያው በታች ባለው የቀበሌ ቤት ነው። አንድ ረጅም የጭቃ ቤት ሆኖ መሀሉ በግድግዳ ተከፍሏል። በአንዱ በኩል እኔና አያቴ አለን፤ እናቴና አባቴ ሺሺንዳ ከተማ ሱቅ ስላላቸው የሚመጡት ለበዓል ነው። በሌላው በኩል ኮረሪማ እየቸረቸሩ የሚተዳደሩት እትዬ አበዛሽ ብቻቸውን ይኖራሉ። ብቻቸውን ይባል እንጂ ግማሽ ቀን እኔ እዚያ ነኝ። ቆጮ ሲያወጡ ግድግዳውን በጡጫ ይመቱና «ፀዲዬ! ሳይበርድ!» ይላሉ። እኔም ሳይበርድ እደርሳለሁ። እትዬ አበዛሽ እኔን ከፀዲዬ ሌላ ስም ጠርተውኝ አያውቁም፤ የአባቴን ቢላዋ ሰብሬ እሳቸው ጋ የደበቅሁ ጊዜ እንኳ ፀዲዬ ነበርኩ።

2. አያቴ የማንኪራ ገጠር ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዛፍ ላይ ቀፎ ሲሰቅሉ ኖረው፣ ጉልበታቸው ዛፍ አልወጣም ሲላቸው ወደ ከተማ መጡ። ቀፎውን ግን አልተዉትም፤ ከጣሪያችን ጫፍ፣ አሸንዳው ላይ አስረው አንድ ትልቅ ቀፎ ሰቀሉ። እስከ ዛሬ አንድም ንብ አልገባበትም። አባባ በየጠዋቱ ደጅ ወጥተው ቀና ብለው ያዩታል። አላፊ አግዳሚው «ጋሽ ግዛቸው፣ መንጋው ገባ?» ሲላቸው «መንገድ ላይ ነው» ይላሉ። እኔም «ባጃጅ አጥቶ ይሆናል» ብዬ አውቃለሁ። ይህም እንደ ጥፋት የሚቆጠር ከሆነ አብሮ ይያዝልኝ።

3. ከፋሲካ በኋላ ዝናቡ ጠንከር ሲል ግድግዳው ድምፅ ማሰማት ጀመረ። ጆሮ ሲያስጠጉበት፣ ደረቅ ቅጠል በጣት ሲፈተግ እንደሚሰማው ሹክሹክ ይላል። ሲመቱት ይብሳል። የአባባ ጆሮ የሚሰማው የወደደውን ብቻ ነው። «አባባ፣ መድኃኒትዎን ይዋጡ» የሚለውን ሰምቶ አያውቅም፤ ይህንን ግን ሰማ። ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ብዙ ቆዩና፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ «መንጋው ቀፎውን ንቆ ቤት ገባ» አሉኝ። አባባ በጣም ደስ ሲላቸው አማርኛው ይጠፋቸዋል። ለግድግዳው በካፊኖኖ፣ በእናታቸው ቋንቋ፣ እንኳን ደህና መጣህ አሉት። ንብ ራሱ መርጦ የገባበት ቤት የታደለ ነው፣ እንዳይነካ ብለው እኔንም አስጠነቀቁኝ።

እኔ ግድግዳው ደጅ በሚደርስበት ጫፍ ላይ ባለው ስንጥቅ ንብ ሲገባም ሲወጣም አይቼ አላውቅም ነበር። ትልልቅ ጥቁር ጉንዳን ግን አይቻለሁ። «አባባ፣ ጉንዳን ነው» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። አንደኛ፣ እንዲያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። ሁለተኛ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሳቄ መጥቶ ነበር። ማር ወስጄ ስንጥቁን ዙሪያውን ቀባሁት።

ከሰዓት በኋላ ንቦች መጡ። የማን ንቦች እንደሆኑ አላውቅም፤ ማር የሸተተው ሁሉ መጣ። አባባ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተው አሳዩ። በማግስቱ ማሩ ሲያልቅ ንቦቹ ቀሩ። አባባ ስንጥቁ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ ባያቸው ደግሜ ቀባሁ። ከዚያም ደግሜ። እዚህ ላይ አንድ ማስተካከያ አቀርባለሁ፦ ከላይ «የሻይ ማንኪያ» የተባለው «የሾርባ ማንኪያ» ተብሎ ይነበብልኝ።

4. ወሬው ለሠፈሩ ሽማግሌዎች ደረሰ። ሰብሳቢያቸው ጋሽ ኃይለሚካኤል ናቸው፤ ከመምህርነት ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሠፈሩ ሰው ሁሉ ተማሪያቸው ነው። ምክትላቸው ጋሽ አዲሱ ናቸው፤ የእሳቸውን የቀድሞ ሥራ በትክክል የሚያውቅ የለም፣ አስተያየታቸውን ግን የማያውቅ የለም። ወንበራቸውን ይዘው መጥተው ግድግዳውን ፊት ለፊት አድርገው ተቀመጡ። የተሰበሰቡት በግድግዳው ውስጥ ምን እንዳለ ለማየት አልነበረም። ግድግዳው የጋራ ስለሆነ ማሩ የማን እንደሚሆን ለመወሰን ነበር።

ጋሽ ኃይለሚካኤል ጣታቸውን አንስተው «ንቡ የገባው በማን በኩል ነው? ማሩ የተጋገረውስ በማን በኩል ነው? እነዚህ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው» አሉ።

ጋሽ አዲሱም «ሦስተኛም አለ። ለሽማግሌ ምን ይደርሳል?» አሉ።

ግማሹ ለአባባ፣ ግማሹ ለእትዬ አበዛሽ፣ የመጀመሪያው ቆረጣ ደግሞ ለሽማግሌዎቹ እንዲሆን ተወሰነ። እትዬ አበዛሽ ያን ጊዜ ተነስተው «ማሩ ይቅርብኝ። እኔ በየጠዋቱ ከዚህ ግድግዳ ሥር ሰጋቱራ እጠርጋለሁ። ቤቴ ውስጥ አናጺ የለ፤ ሰጋቱራው ከየት ይመጣል? ይኼ ግድግዳ ተከፍቶ ይታይልኝ» አሉ። በእፍኛቸው ይዘው የመጡትንም አሳዩ። ጋሽ አዲሱ አንዴ አይተው «ንብም ቤት ሲሠራ ቆሻሻ ያወጣል፤ ምን ይደረግ» ብለው መለሱላቸው። አባባም «ንብ አይረበሽም» አሉ።

እኔ ለጉባኤው ውሃ እያደልኩ ነበር። እጄ ማር ማር ይሸታል። ዝም አልኩ። ክብርት ሆይ፣ ስለ ማሩ ሲጠይቁኝ የምመልሰው ብዙ ቀልድ አለኝ። ስለዚህች ዝምታ ግን የለኝም።

5. ከዚያ በኋላ አንድ ሌሊት ከባድ ዝናብ ዘንቦ ሲነጋ፣ ከስንጥቁ ክንፍ ያላቸው ጥቁር ነፍሳት እየተግተለተሉ ወጡ። ጋሽ ኃይለሚካኤል መነጽራቸውን አድርገው ከሩቅ አይተው «መንጋው እየተከፈለ ነው፤ ማሩ ሞልቶለታል ማለት ነው» ብለው አበሰሩ። የገበያው ሰው ሁሉ ማር ቃል ተገባለት።

ሳምንት አልሞላም፤ በእትዬ አበዛሽ በኩል ያለው የግድግዳው ቋሚ እንጨት ተሰበረ። በላዩ የነበረው መደርደሪያ ከነዕቃው፣ ከነኮረሪማው ወረደ። እሳቸው ለጥቂት ተረፉ፤ ቀኝ ክንዳቸው ግን እስከ ዛሬ በሻሽ እንደታሰረ ነው። ጭቃው ሲረግፍ እንጨቱ ታየ። ማር የለም። ሰም የለም። ውስጡ አዳራሽ አዳራሽ ሆኖ ተቦርቡሯል፤ የአዳራሾቹ ጎን በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀ ይመስል ልስልስ ያለ ነው። ጉንዳኑ እንቁላሉን በአፉ ይዞ ወዲያ ወዲህ ይሮጣል። አባባ ወጥተው ቀፏቸው ሥር ቆሙ።

ሽማግሌዎቹ መጡ። ጎንበስ ብለው እንጨቱን አዩ፤ ግድግዳውን ሲያዩት ይህ የመጀመሪያው ይመስለኛል። ከዚያ ጋሽ ኃይለሚካኤል «ምስጥ!» አሉ። ጋሽ አዲሱም «እኔ ከመጀመሪያው ምስጥ ነው ብዬ ነበር» አሉ። አላሉም ነበር። ምስጡን ያመጣው የእትዬ አበዛሽ ማገዶ ነው ተባለ።

«ኧረ ግድግዳው ይታይ ብዬ የለመንኩት እኔ አይደለሁም ወይ?» አሉ እትዬ አበዛሽ።

«እሱን ነው የምንልሽ» አሉ ጋሽ አዲሱ። «ካላመጣሽው ከሁላችን ቀድመሽ እንዴት አወቅሽ?»

ከዚህ በኋላ የተጻፈው ወረቀት እርስዎ ዘንድ ያለው ነው። ሽማግሌዎቹ ክፉ ሰዎች ናቸው አልልም። ለገበያው ሁሉ ማር ቃል ገብተው ነበርና ሐፍረታቸውን የሚያወርዱበት ቦታ ፈለጉ፤ እትዬ አበዛሽ ቅርብ ነበሩ። እኔም እዚያው ቅርብ ነበርኩ። እኔን ግን ማንም አላየኝም።

6. ነፍሳቱን በባዶ የቫዝሊን ዕቃ ይዤ ለባዮሎጂ መምህራችን ለቲቸር ሚሊዮን ወሰድኩ። ቲቸር ክዳኑን ከፍተው «ይኼ ምስጥ ከሆነ እኔ ጳጳስ ነኝ» አሉ። ከዚያ ያስረዱኝን እንዳለ አቀርባለሁ፤ የሚልኩት ሰው ሊያመሳክረው ይችላል።

ምስጥ ወገብ የለውም፤ ከላይ እስከ ታች አንድ ነው። ይህኛው በመቀነት የታሰረ ይመስል ወገቡ ቀጭን ነው። የግንባሩ አንቴና እንደ ክርን ይታጠፋል፤ የምስጥ ቀጥ ያለ ነው። ክንፍ ሲያወጡ የምስጥ አራቱም ክንፎች እኩል ናቸው፤ የዚህ የፊተኞቹ ከኋለኞቹ ይረዝማሉ። ምስጥ እንጨቱን ይበላል፣ መንገዱንም በጭቃ ይሸፍናል። ይህ ጉንዳን ግን እንጨት አይበላም። ቦርቡሮ ይኖርበታል፤ የቦረቦረውን ደግሞ በትንሽ ቀዳዳ ወደ ውጭ ይጥላል። እትዬ አበዛሽ በየጠዋቱ ሲጠርጉት የነበረው ሰጋቱራ ይኸው ነው። በአጉሊ መነጽር ስናየው በውስጡ የጉንዳን እግርና የደረቀ ገላ ተቀላቅሎበታል።

«ማገዶ ውስጥ ተደብቆ ሊመጣ አይችልም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ይችላል። ግን ደረቅ ቤት ውስጥ እንዲህ አይደላደልም። እርጥበቱን ፈልጊ። የሚበላውን ደግሞ ከሌላ ቦታ ነው የሚያመጣው፤ ጣፋጭ ነገር ነፍሱ ነው። አጠገቡ ማር የሚያስቀምጥ ሰው ካገኘማ የት ይሄዳል?» ብለው ሳቁ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

የእትዬ አበዛሽን ማገዶ አንድ በአንድ አገላብጬ አየሁ። ደረቅ ነው፤ ቀዳዳም ጉንዳንም የለበትም።

7. እርጥበቱን አገኘሁት። ደጅ ወጥቼ እንደ አባባ ቀና ብዬ ማየት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። የቀፎው ክብደት አሸንዳውን ወደ ታች አጥፎታል። የጣሪያው ውሃ በሙሉ መሄጃ አጥቶ እየተመለሰ የሚፈሰው በቀጥታ የግድግዳችን አናት ላይ ነው። ስለዚህ ለጉንዳኑ ቤቱን ያራሱለት አያቴ ናቸው፣ ምግቡን ያቀረብኩለት እኔ ነኝ። እትዬ አበዛሽ ያደረጉት ነገር ቢኖር መናገር ነው።

ይህን ለአባባ አልነገርኳቸውም። ግድግዳው ከተሰበረ ወዲህ በጠዋት ቀና ብለው አያዩም። ሰው «መንጋው ገባ?» ሲላቸው ወደ ቤት ይገባሉ። እኔም ስለ ባጃጅ ምንም አላልኩም።

8. ስለዚህ ክብርት ሆይ፣ የሚከተለው እንዲደረግልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ሀ) እትዬ አበዛሽ ከቤታቸው እንዳይወጡ።

ለ) ጋሽ አዲሱ ግድግዳው ላይ ናፍጣ ለማፍሰስ ጀሪካን አዘጋጅተዋል። እባክዎ በስልክም ቢሆን ያስቁሙልኝ። ናፍጣው የሚገድለው ፊት ለፊት ያገኘውን ነው፤ የቀረው ሸሽቶ ሌላ እንጨት ይገባል። ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ የእትዬ አበዛሽ ምድጃ አለ። ናፍጣና ምድጃ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ለመወሰን ጉባኤ አያስፈልግም።

ሐ) እንጨት የሚያውቅ ሰው ይላክልን። ግድግዳውን እየመታ ሹክሹክታው የበረታበትን ቦታ ከፍቶ ጎጆውን ያውጣው፤ የበሰበሰው ቋሚ ይለወጥ፤ አሸንዳውም ይቅና። አሸንዳው ካልቀና ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው ብለዋል ቲቸር ሚሊዮን። ለተረፈው ጉንዳን እሳቸው መጥተው በስኳር ውሃ ላይ ትንሽ ቦሪክ አሲድ የሚባል ዱቄት በጥብጠው፣ ልጅም ንብም በማይደርስበት ሥርቻ ሊያስቀምጡልን ቃል ገብተዋል። ጉንዳኑ ራሱ መርዙን ተሸክሞ ለእናቱ ያደርስላታል።

መ) ቀፎው ከአሸንዳው መውረድ አለበት። ነገር ግን የሚመጣው ሰው ለአያቴ «አሸንዳ ላይ ቀፎ መስቀል በመመሪያ ተከልክሏል» ብሎ ብቻ እንዲነግራቸው እለምናለሁ። እንዲህ የሚል መመሪያ ከሌለ እንዲወጣልኝ አመለክታለሁ። ማሩን የቀባሁት እኔ መሆኔን ለአባባ ራሴ እነግራቸዋለሁ። በሽማግሌዎች ፊት እንዳይሰሙት ብቻ ነው የምጠይቀው።

ሠ) ቅጣት ካለ በእኔ ይሁን። ለልስኑ ጭቃውን ከጭዱ ጋር አቦካለሁ፤ ክረምቱን ሙሉ ሌላ ሥራ የለኝም።

9. ይህ የመጨረሻው አንቀጽ ለጉዳዩ ላያስፈልግ ይችላል። እትዬ አበዛሽ ዕቃቸውን ማሰር ጀምረዋል። በአንድ እጅ ስለሆነ ቀስ እያለ ነው የሚሄደው፤ በክር አድርገው የሰቀሉትን ኮረሪማ አውርደው በጆንያ ከተዋል። የሽማግሌዎቹ ወረቀት ግልባጭ የደረሳቸው ዕለት በግራ እጃቸው ግድግዳውን መትተው «ፀዲዬ! ሳይበርድ!» አሉኝ። ሄድኩ። ቆጮውን ከጎመን ጋር አቀረቡልኝ፤ ዘመድ እንዳላቸው፣ የት እንደሚገቡ ብጠይቃቸው «እሱን እግዜር ያውቃል፣ አንቺ ብዪ» አሉኝ። በላሁ። እስኪያልቅ በላሁ። ከሁሉም የከበደኝ ይኼ ነው። የሾርባ ማንኪያ ያልኩትም፣ ክብርት ሆይ፣ ጭልፋ ነበር።

ጽሑፉን እንደገና ገልብጬ ላሳምረው አስቤ ነበር፤ ሳሳምረው ጭልፋው ተመልሶ ማንኪያ እንዳይሆን ስለፈራሁ እንዳለ አስገባዋለሁ። ከመፈረሜ በፊት ግን ስሕተት እንዳይኖርበት ከጉዳዩ ጀምሬ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ውሃ እያደልኩ ዝም ያልኩበት ጋ ስደርስ ከግድግዳው ወዲያ የዕቃው መንኳኳት ቆመ። ጭልፋው ጋ ስደርስ የሰው ትንፋሽ የሰማሁ መሰለኝ። ግድግዳው ውስጡ ባዶ ስለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማቅረብ አልችልም።

አሁን ግድግዳው ተመታ። ጉንዳኑ ሹክሹክ አለ። ቆጮ የሚወጣበት ሰዓት አይደለም፤ ፀዲዬም አልተባልኩም፤ በሙሉ ስሜ ነው የተጠራሁት።

ከአክብሮትና ከሐፍረት ሰላምታ ጋር፣

የአመልካች ስም፦ «ፀደንያ!»